የመኳንንት ቅዳሜዎች

«ተቀመጪ እንጂ ዘመነች! ሰው ምን ይላል?»

ወርቄ የወንድሟን ሚስት በቀሚሷ ይዛ ጎተተቻት። ዘመነች ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች፤ ዐይኖቿ ግን ከድንኳኑ በር አልተነሡም። ባሏን መኳንንትን ተስቦ በሳምንት ውስጥ ነጥቋት ዛሬ ሣልስቱ ነው። ከማለዳ ጀምሮ አልረጋ ብላለች፤ ጓዳ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ የምትመጣውን ሴት ሁሉ ፊት ትመረምራለች።

የምትጠብቀውን ለወርቄ እንኳ አልነገረቻትም። አንዲት የማታውቃት ሴት ትመጣለች። ከሁሉም አብልጣ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ትለያታለች።

ከመስከረም 1963 ወዲህ መኳንንት ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ከኮልፌ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። «ወዴት ነው?» ስትለው «ስብሰባ አለን» ይላል። የፊዚክስ አስተማሪ በየቅዳሜው ምን ስብሰባ አለው? ይባስ ብሎ አመሻሽ ላይ እያፏጨ ይመለሳል። በአራት ዓመት ትዳራቸው ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። አንድ ቀን ሸሚዙን አሸተተችው። ጠመኔ ጠመኔ አላት፤ ለአስተማሪ ያ ምንም አይደለም።

ዛሬም ቅዳሜ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ከአጥሩ ውጪ ለቅሶ ተሰማ። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ቆመዋል፤ መካከላቸው አንዲት ረዥም ልጅ አጥሩን ተደግፋ ትንሰቀሰቃለች። ዘመነች ወርቄን ጥላ ወጣች።

«ማን ነሽ?»

«ጫልቱ እባላለሁ፣ ከአስኮ ነው የመጣሁት። ጋሽ መኳንንት... ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን...»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አብራችሁ ምን?»

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ።

«እንማር ነበር» አለች ልጅቷ ደንግጣ። «አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲ። የፊዚክስ መምህራኑ ከየተማሪ ቤቱ ተማሪም አስተማሪም እየጠሩ የቤተ ሙከራውን መሣሪያ ያሳዩናል። ሌሎቹ አስተማሪዎች አንድ ሁለቴ መጥተው ቀሩ፤ ከተማሪ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጡን አልወደዱትም። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልቀሩም።»

«ሊያስተምር ነዋ የሚሄደው?»

«አይ... እንደኛው ሊማሩ።»

ጫልቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አስኮም የሚያስተምሩን እሳቸው ነበሩ። በክር የተንጠለጠለ ከባድ ነገር ሲወዛወዝ ከቀላሉ ይፈጥናል ብለው አስተምረውን ነበር። አራት ኪሎ እኩል በሚረዝሙ ሁለት ክሮች ከባድና ቀላል ነገር አንጠልጥለው ውዝዋዜውን አስቆጠሯቸው። እኩል ሆነ። አላመኑም፤ ደግመው ቆጠሩ። ሰኞ ክፍል ገብተው ‹ልጆች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከመጽሐፍ በቀር መሣሪያ በዐይኔ አይቼ አላውቅም ነበር› አሉን። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። እሳቸውም አብረው ሳቁ።»

ዘመነች ልትቆጣ ፈለገች። ለአንድ ክፍል ተማሪ የነገረውን ለሷ ምነው ደበቃት? ወዲያው ያለፈው የገና ምሳ ትዝ አላት። እንግዶቹ ፊት «የኔ ባል የማያውቀው ነገር የለም» ብላ ነበር። መኳንንት አቀርቅሮ የጎረሰውን ለረዥም ጊዜ አላመጠ።

«ዛሬስ ትምህርት የለም?»

«አለ፤ ቀርተን ነው።»

የልጅቷን እጅ ይዛ አስገባቻት፤ ፍራሹ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ከነጠላዋ ጫፍ ረዘም ያለ ክር መዝዛ በጥርሷ በጠሰችው፤ ከመቀነቷ የጓዳውን ቁልፍ ፈትታ አሰረችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ወርቄ በሹክሹክታ።

 ዘመነች ክንዷን ዘርግታ፣ ክሩን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቁልፉን ለቀቀችው። ወዲያ ሄደ፤ ወዲህ መጣ። ለቀስተኞቹ ሁሉ ያዩዋታል።

«ቁጠሪልኝ» አለቻት ጫልቱን፣ ዐይኗን ከቁልፉ ሳትነቅል።