የጋሼ ባርት ሰው

በስድስተኛው ሰፈር ሰው ሥራ ሲለምን ኮፍያውን ያወልቅና ከራሱ ስም በፊት የላከውን ሰው ስም ይጠራል። «ጋሼ ባርት ልኮኝ ነው» ያላለ ሰው፣ ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሌባ ይመስል ነበር። ባርት ሃንራቲ የሰፈሩ የፓርቲ አለቃ ነው። ፖሊሱም፣ መንገድ ጠራጊውም፣ መብራት ለኳሹም የእሱ ሰው ነው፤ በምርጫ ቀን ውለታውን በድምፃቸው ይመልሱለታል። ራሱንም አልረሳም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነውና ከተማው ጥርብ ድንጋይ የሚገዛው ከወንድሙ ብቻ ነበር።

የኮን ተርኒ ልጅ ዴሊያ ይህን አሠራር አምርራ ትጠላዋለች። አስተማሪ ናት፤ አባታቸው ለሌላው ፓርቲ በመምረጡ ከሥራ ተባሮባቸው ርቧቸው የሚመጡ ተማሪዎች ነበሯት። ስለዚህ ከሌሎች ሴቶች ጋር በየቤቱ እየዞረች ፊርማ ሰበሰበች፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 የከተማው ሥራ ሁሉ በፈተና እንዲሆን ሕግ ወጣ። ከሕጉ አንዷን አንቀጽ ራሷ ለምና፣ ተከራክራ ነው ያስገባችው፦ ተፈታኝ በፈተናው ክፍል ውስጥ የፓርቲ ሰው ስም ከጠራ ወድቋል። አንቀጹን ያስገባችው እሷ መሆኗን ለአባቷ አልነገረችውም። ሥራ ላይ ያለው አባቷም መፈተን እንዳለበት ያወቀችው ደግሞ ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ነው።

ኮን መርከብ ሲመጣ የወንዙን ተከፋች ድልድይ የሚከፍተው ሰው ነው። ሚስቱ የሞተች ጊዜ የሬሳ ሳጥኑን የገዛው ባርት፣ ከፊት የተሸከመው ባርት፣ ከቀብር በኋላም ኮንን ከመጠጥ ቤት ጎትቶ አውጥቶ የድልድዩን ቁልፍ በእጁ ያስያዘው ባርት ነው። ከዚያ ወዲህ ኮን አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ያለችው የሚኖሩባት ቤት ከሥራው ጋር የተሰጠች ናት። ድልድዩን ቢያጣ ምን እንደሚሆን ዴሊያ ማሰብም ትፈራ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ከእራት በኋላ ማንበብ አስተማረችው። ባርት «በስምህ የሚፈተን ሰው እልክልሃለሁ» ብሎት ነበር፤ ኮን ግን «ልጄ ደክማብኛለች፣ ራሴ እገባለሁ» አለ። በፈተናው ዕለት ዴሊያ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እየሳቀ ወጣ።

«እህስ፣ አባዬ?»

«አንድም አልሳትኩ! ስለ ደወሉ፣ ስለ ፋኖሱ፣ ጭጋግ ሲሆን ስለሚደረገው፣ ሁሉን ጠየቁኝ። አነበብኩላቸውም፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሰውየው ‹አቶ ተርኒ፣ ሥራው የእርስዎ ነው› አለኝ።»

ዴሊያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ከዚያ ኮፍያዬን አነሳሁና ‹ያኔ ለዚህ ሥራ የላከኝ ጋሼ ባርት ሃንራቲ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ› አልኩ።»

እጇ ከትከሻው ላይ ወረደ። «ምነው አባዬ? ስም እንዳትጠራ ነግሬህ አልነበር?»

«ስም ጠርተህ አትለምን አልሽኝ እንጂ አታመስግን መቼ አልሽኝ? ሥራው የአንተ ነው ካሉኝ በኋላ እኮ ነው! እናትሽን የቀበረልኝን ሰው ሳላነሳ ልውጣ? የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልሁን?» ከዚያ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየውም ብዕሩን አስቀመጠ። አጠፋሁ እንዴ?»

ዴሊያ ሮጣ ገባች። ፈታኙ ልጅ እግር ነው፤ ዓይኗን ማየት አፈረ።

«ሚስ ተርኒ፣ ሌሎች ፈታኞችም ሰምተዋል። ደግሞ አንቀጹ የእርስዎ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ረግጣው ወደማታውቀው የባርት መጠጥ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ብቻውን ሾርባ ይጠጣል።

«የኮን ልጅ! ደግሞ ምን ልታስፈርሚኝ ነው?» አላት።

«ጋሼ ባርት፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። አባቴን ከድልድዩ እንዳያስነሱት ያድርጉልኝ።»

«ልጄ፣ አምና ብትመጪ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ዛሬ የምሰጠው መጥረጊያ እንኳ የለኝም። ከእጄ የነጠቃችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» አላት፤ ክፋት ግን በድምፁ አልነበረም። «ለመሆኑ ኮን እንዴት ወደቀ? ያን ድልድይ ከእሱ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

ነገረችው። ባርት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስሜን ጠራ? ከኔ ሰዎች ስንቱ ተፈትኖ አለፈ መሰለሽ። ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። እሱ ስሜን ጠራ?» አለና በናፕኪኑ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዴሊያም እፊቱ ተቀምጣ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠላው የኖረችውን ሰው ማባበል ቃጣት።

በሳምንቱ ቤቱን እንዲለቁ ታዘዙ። ኮን ዕቃ መያዣ ሣጥኑ አጠገብ በርከክ ብሎ የሚስቱን ሳህኖች ያቀብላል፤ ዴሊያ በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

«አንቺን አልቀየምም። የደከምሽው ለድሃ ነው፣ ሕጉም ደግ ነው» አላት። «ያቺ አንቀጽ ብቻ ናት የከፋችው። እሷን ያስገባ ሰው፣ መቼም ቀባሪ ቸግሮት አያውቅም።»

ዴሊያ «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የእናቷን ሳህን ከእጁ ተቀበለችው።