ያልተመለሰው ሳህን

«ልጣጩን ነው የምትልጪው ወይስ ድንቹን?» አለች አርሊስ። «እስቲ እዪው፣ ግማሹን እኮ ከልጣጩ ጋር ጣልሽው።»

ቬርና ቢላዋዋን ሳታቆም ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ይላል። ከወንዙ ማዶ፣ ዴልቪን ከተማ ውስጥ፣ ገና ለአምስት አሥር ጉዳይ ነው ማለት ነው። አርባ አራቱ የቺካጎ እንግዶች ይኼኔ ዓሣ ማርቢያው ጋ ቆመው በኩባያ የተሰጣቸውን መኖ እየበተኑ ይሆናል። ከዚያ መጥረጊያ ሠሪው ዴልማር ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ ወንዙን ተሻግረው እዚህ፣ ቅዱስ ኡርባን ደብር፣ ለእሑዱ የዶሮ ምሳ ይመጣሉ። ፕሮግራሙን ማንም አላሳያትም። የሚጎበኘው ነገር ዝርዝር ግን የራሷ ሥራ ስለሆነ እንግዶቹ የት እንደቆሙና ምን እያዩ እንደሆነ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

ቬርና አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዴልቪን የእንግዳ መቀበያ ቢሮ ሠርታለች። ዴልቪን ጸጥ ያለ ከተማ ነው፤ የገዛ ልጆቹ እንኳ «እዚህ ደግሞ ምን አለ?» እያሉ ነው የሚያድጉት። እሷ ግን በአሮጌ መኪናዋ ገጠር ለገጠር ዞራ፣ በር እያንኳኳች፣ ከሰው ጋር አጥር ላይ ተደግፋ እያወራች፣ ሠላሳ አንድ ነገር አገኘች። ዓሣውን መመገብ። ከዴልማር ጋር መጥረጊያ ማሰር። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌዎቹ ሲዋሹ መስማት። ሐሙስ ሐሙስ እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ካርታ መጫወት። ይህንን ነው በየዓመቱ እያረመች በአንድ ወረቀት ላይ ስታወጣ የኖረችው።

በሚያዝያ ወር ኬክ ቆርሰው አሰናበቷት። በቦታዋ ብሬንት የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ገባ። ያስተማረችውም ራሷ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ወጥ ቤቷ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር ሲጠይቃት፣ ሲጽፍ፣ ከጋገረችው ፓስታ ሲጨልፍ ቆየ። ሊሄድ ሲል የተረፈውን ከነሳህኑ ሰጠችው። የእናቷ ሳህን ነበር፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት የመስታወት ሳህን። በግርጌው እናቷ በወረቀት ፕላስተር ላይ የጻፈችው የቤተሰቡ ስም ተለጥፏል።

በዚያ አገር ሰው ሊሰክር፣ ሚስቱን ሊፈታ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሊተው ይችላል፣ ይታለፍለታል። የሰው ሳህን ግን ይመለሳል። ለዚህ ነው ሁሉም ከግርጌው ስሙን የሚለጥፈው። ብሬንት አልመለሰም። ግንቦት አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። በመስከረም የቬርና ዝርዝር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ፣ ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ «በጸጥተኛዋ ከተማ የሚሠሩ ሠላሳ አንድ ነገሮች፣ በብሬንት» ይላል። ከክፍለ ግዛቱም ሽልማት ሰጡት። ቬርና ዜናውን ፀጉር ቤት ተቀምጣ ነው የሰማችው። አንጀቷ አረረ።

እሮብ ዕለት ግን መጽሐፉን ገልጣ ስታነብ ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት፣ የቅዱስ ኡርባን ምሳ ላይ ደረሰችና ሳቋ መጣ።

ቅዱስ ኡርባን ያለው ከዴልቪን ወንዙን ተሻግሮ ባለው አውራጃ ነው። ያ አውራጃ ከከተማው በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ሰዉ በልማድ የወዲያውን ፈጣኑ ሰዓት፣ የከተማውን ዘገምተኛው ሰዓት ይለዋል፤ ሠርግም ይሁን ቀብር ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየትኛው?» ተብሎ ነው። ቬርናም ሁልጊዜ «ምሳው እስከ ስምንት ሰዓት፣ በፈጣኑ» ብላ ነበር የምትጽፈው። ብሬንት ያኔ ወጥ ቤቷ ሆኖ «ይቺ ‹በፈጣኑ› የምትሉት ገጠሬ ታስመስለናለች፤ አሁን እኮ ስልክ ራሱ ያስተካክላል» ብሏት ነበር። «እሷን እንዳትነካት» ብላው ነበር። ነካት። የእንግዶች አውቶቡስ እዚያ ሰባት ሰዓት እንደሚደርስ በጉልህ አሳትሟል፤ በከተማው ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ስምንት ይሆናል። ወንበር ተጣጥፎ፣ ዘይቱ ቀዝቅዞ፣ ወለሉ እየተወለወለ። ያውም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቬርና ከእሮብ ጀምሮ ይህንን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሌሊት እየነቃች ያጣጣመችው ጉድ ነበር። ዛሬ ድንች ልላጥ ብላ የመጣችውም አርሊስን ለመርዳት ብቻ አልነበረም፤ የብሬንት ፊት ሲገረጣ በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት የማይሞሉ ሰዎች ተበታትነው ይበላሉ፤ አብዛኞቹ ምርኩዛቸውን ከወንበሩ ጎን ያስደገፉ ናቸው። ከመስኮቱ ጋር የተዘረጉት ሦስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ግን ነጭ ጨርቅ ለብሰው ባዶ ናቸው። በየማስቀመጫው አርሊስ ከጓሮዋ የቀጠፈችው አበባ አለ።

«የአርባ አራቱን ሰው ዶሮ ስድስት ተኩል ላይ ዘይት ውስጥ እከታለሁ» አለች አርሊስ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ የዚህን ደብር ምሳ ሠላሳ ዓመት መርታለች። «ልጁ ሰባት ሰዓት ብሎኛል። ትኩስ ትኩሱን ነው የማቀርብላቸው።»

«ይሁና» አለች ቬርና።

«ጋዜጠኛም አለ አሉ። ይህን ካየ ጉባኤው አፉን ይዘጋል።»

«የቱ ጉባኤ?»

አርሊስ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አልነገርኩሽም እንዴ? የሰበካው ጉባኤ ዛሬ ማታ ይሰበሰባል። ምሳው ይቅር እያሉ ነው። ሰው የለም፣ ድካም ብቻ ነው ይላሉ። እኔም ‹የእሑዱን እዩና ወስኑ› አልኳቸው። ይህ አውቶቡስ ባይገኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።» ፈገግ አለች። «ያ ልጅ ያንቺን ሥራ ቢሰርቅም ለእኔ ግን ደረሰልኝ።»

ቬርና የያዘችው ድንች ከእጇ አምልጦ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ደረሰልኝ! እሱ! አንድ ጊዜ ዝም ልበል ብላ አሰበች፤ አሰበች ብቻ ሳይሆን ልቧ እውነትም አዘነበለ። አርባ ደቂቃ ድንች እየላጠች ዝም ብትል በቃ ነበር። የብሬንት ጉድ በቴሌቪዥን ይወጣል። ከዚያ ደግሞ አርሊስ አርባ አራት የቀዘቀዘ ዶሮ ፊት ቆማ ትቀራለች። ያ አበባም እዚያው ይቆማል።

«አርሊስ፣ በእኛ ሰባት አይደርሱም» አለች። «በእነሱ ሰባት ነው። ‹በፈጣኑ› የምትለዋን ሰርዟታል።»

አርሊስ ቶሎ አልገባትም። ቀጥሎ ሰዓቱን አየች፣ ጠረጴዛዎቹን አየች።

«መቼ አወቅሽ?»

«እሮብ።»

«እሮብ» አለች አርሊስ። «ዛሬ እሑድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ትናንት ደግሞ ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዶሮ ስትቆርጪ ነበር የዋልሽው።»

ቬርና ቢላዋውን አስቀምጣ ስልኩ ወደተሰቀለበት ኮሪደር ሄደች። ወደ ዴልማር ደወለች።

ዴልማር ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ አነሳው።

«እንግዶቹ ደርሰዋል?» አለችው።

«አሁን መውረዳቸው ነው። አንዲቱ መጥረጊያዬን እንደ ሕፃን ታቅፋ ፎቶ እየተነሳች ነው። ምን ሆንሽ?»

«ሃያ ደቂቃ ብቻ አቆያቸውና ወደዚህ ስደዳቸው።»

«ሃያ ደቂቃ በአንቺ ነው በእኔ?»

«ዴልማር፣ ቀልድ አላሰኘኝም።»

«እሺ፣ እሺ። ግን ልጁ አብሯቸው የለም። ጋዜጠኛዋን ሊያመጣ ከተማ ሄዷል። ሰባት ሰዓት ላይ እዚያው እንገናኝ ብሏቸዋል።»

ቬርና ወዲያው መለሰችለት። «ለሾፌሩ ‹ዝርዝሩን የጻፈችው ሴትዮ ምሳው አሁን ነው ብላለች› በለው። ለልጁ ግን የምንነግረው የለም። ሰባት ሰዓት ብሎ የለ? በሰባት ሰዓቱ ይምጣ።»

ዴልማር ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር ከቂምሽ ይጠብቀኝ» ብሎ ዘጋው።

ስትመለስ አርሊስ ጀርባዋን ሰጥታ ዶሮውን ዱቄት ታለብሳለች። ቬርና አጠገቧ ቆመች። «ይመጣሉ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይደርሳሉ።»

አርሊስ ዞር አላለችም። «እንግዲያው ድንቹን ቶሎ ቶሎ ላጪው» አለች። ከዚያ ቀን በኋላም ስለ እሮብ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ቬርናን ደግሞ የበለጠ ያቃጠላት ይኸው ነው።

አውቶቡሱ በሰዓቱ ደረሰ። እንግዶቹ ገብተው ጠረጴዛዎቹን ሞሉ። ዶሮውን ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሾርባው ውስጥ ምን እንደገባ ሦስት ሴቶችን ቢጠይቅ ሦስቱም ሦስት ዓይነት መልስ ሰጡት። ቬርና ማንም ሳይጋብዛት በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረች አወራቻቸው፦ አግዳሚው ላይ ትልቁን ውሸት የዋሸው ማን እንደነበር፣ ዓሣዎቹ ለምን ከቀይ ኩባያ እንጂ ከነጭ እንደማይበሉ። የጉባኤው ሊቀ መንበር ወንበር አጥቶ ቆሞ በላ። አርሊስ በኩሽናው በር በኩል አየችውና ተጨማሪ መረቅ ላከችለት።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ብሬንት በሩን ከፍቶ ገባ። ከኋላው ጋዜጠኛዋና ካሜራ የተሸከመ ሰው አሉ። በእጁ ያንን የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ይዟል። እንግዶቹ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ኮታቸውን ይለብሳሉ፤ ሴቶቹ ወንበር ያጥፋሉ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ። ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ቬርና እሮብ ሌሊት እንዳሰበችው አልገረጣም፤ መቅላቱም ግን አንጀቷን ቅቤ አጠጣው።

«በልተን ጨረስን እኮ» አለው ወፍራሙ ሰውዬ። «ጸሐፊዋ ራሷ ናት ያስተናገደችን።»

«ጸሐፊዋ ማለት?» አለች ጋዜጠኛዋ።

አርሊስ ከኩሽናው ብቅ አለች። «ልጁ አልበላም» አለች ቬርናን እያየች። «ማንም ከዚህ ተርቦ አይሄድም። የተረፈ ስጪው።»

መደርደሪያው ላይ የወረቀት ሳህን ተቆልሏል። የወረቀት ሳህን አይመለስም፤ ሰውዬውም ሄደ፣ ነገሩም አለቀ ማለት ነው። ቬርና እጇን ወደዚያ ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። ከቤቷ ጎመን ጥብስ ያመጣችበትን የመስታወት ሳህን አነሳች፣ ጠረገችው፣ አንድ ጭንና አንድ ክንፍ ዶሮ፣ ድንችም አድርጋ ሸፈነችው። ከመሳቢያ የወረቀት ፕላስተር አውጥታ ቀደደች፤ በትልልቁ «ቬርና» ብላ ጽፋ ከግርጌው ለጠፈችው። ካሜራው በርቶ ነበር።

«ይኸው» አለችው፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከዚያኛው ጋር አብረህ ትመልሰዋለህ።»

ወንበር የሚያጥፉት ሴቶች እጃቸውን አቆሙ። አንዷ ወደ ሌላዋ ዞር ብላ «ሳህን አልመለሰም እንዴ?» አለቻት፣ ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት። ሊቀ መንበሩ ሹካውን አስቀምጦ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ወይዘሮ ቬርና፣ እኔ እኮ… ረስቼው ነው» አለ ብሬንት።

«ከሚያዝያ ጀምሮ» አለች ቬርና።

ሳህኑን በሁለት እጁ ሲቀበል መጽሐፉን ብብቱ ስር አደረገው፤ ሽፋኑ ወደ ውጭ ነበር፣ ስሙም ይታያል። ቬርና ፕላስተሩን ወደ መሳቢያው ልትመልስ ነበር። ግን ሁለተኛ ቁራጭ ቀደደች፣ በዚያው እስክሪብቶ ስሟን ጻፈችበትና የእሱ ስም ላይ ለጠፈችው፤ እንዳይላቀቅም በአውራ ጣቷ ደህና አድርጋ ተጫነችው።