በእጅ የተሰጠ ፍሬ

ቴፒ ላይ እኛ ላቦራቶሪ የሚመጡ እንግዳ ተመራማሪዎችን መንከባከብ የኔ ዕጣ ነው። ማን ይህን ዕጣ እንዳወጣልኝ አላውቅም። አጸደ እባላለሁ፤ ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን አልጋ የምፈልግለት፣ አጎበር የምሰቅልለት፣ "ይህን ብበላ ይስማማኛል?" እያለ ሲጨቀጭቀኝ የምመልስለት እኔው ነኝ። ሦስት ወር ይቆያሉ፤ በየከረጢቱ ፍሬ ይሰበስባሉ፤ ገበሬውን "ውጤቱን ይዘን እንመጣለን" ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ይጠፋል። ስለዚህ ዶክተር ባስልኤል ከባሕር ዳር ሲመጣ ፊቴን አላፈካሁለትም።

ልጁ ግን ጨዋ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በጫካ ቡና ፍሬ ቆዳ ላይ የሚኖሩትን እርሾዎች ሊያጠና ነው የመጣው፤ ለቡናው ጣዕሙን የሚሰጡት እነሱ ናቸው ይላል። ወደ እኛ አገር ወደ ሸኮ ጫካ ከመውጣቱ በፊት ለእንግዳ ሁሉ የምለውን አልኩት።

"ጫካ ባለቤት የለውም ብለህ እንዳታስብ። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሁሉ የሰው ነው። በዛፉ ዙሪያ ያለው ቡናም ኮረሪማም የዚያው ሰው ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ፍሬ በእጁ መዳፍህ ላይ ካላስቀመጠልህ እግርህን እንዳታስገባ።"

"የድጋፍ ደብዳቤ ይዣለሁ እኮ።"

"ደብዳቤህን ለዝንጀሮ አሳየው።"

ሳቀና "እሺ፣ እትዬ አጸደ" አለኝ። የነገሩትን የሚጠብቅ ልጅ እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን ለሳቅ የሚሆን አንጀት አልነበረኝም። ታናሽ ወንድሜ ፍቅሩ ግንቦት ላይ ማር ልቆርጥ ብሎ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። መንደሩ ተነቅሎ ፈለገው። የእሱን የቀፎ ዛፎች አንድ በአንድ አዩ፤ ወንዙን ተከትለው ወረዱ። በመጨረሻ "ውሃ ወስዶታል" ተባለ። ያልታየው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሟቹ አጎታችን የባየ ጫካ። አጎቴ ባየ ልጅ አልወለደም፤ ጫካውንም ለማንም በእጁ ሳይሰጥ እንደሞተ ነው የምናውቀው። እንዲህ ያለ ጫካ ዝግ ነው። እሁድ እሁድ "ይህ የድሮ ነገር ነው" እያሉ የሚሰብኩት ወንጌላዊ እንኳ አይገቡበትም። ፈላጊዎቹ ዳሩ ላይ ቆመው ስሙን ተጣሩ፤ እኔም አብሬ ተጣራሁ። መልስ ሲጠፋ ተመለስን። ፍቅሩ ያልተሰጠው ጫካ ውስጥ ይገባል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

እናታችን በየነች ግን "ልጄ አልሞተም" አለች። ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ያለቻትን ሴት ተቀይማ ጉባኤ መሄድ ተወች። ማታ በር አታስቀረቅርም። የእሱን ድርሻ ጎደሬ ለይታ ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ለዶሮ ትበትነዋለች፤ ሲመሽ እንደገና ታስቀምጣለች። እሷ ራሷ የምትቀምሰው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄዶ ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር። የኔ ፍርሃት ይህ ነበር። ወንድሜን አንድ ጊዜ አጥቻለሁ፤ እናቴን ደግሞ እሱን ስትጠብቅ ላጣት ነው። አንድ አጥንት፣ አንድ ጨርቅ፣ ብቻ የምትቀብረው ነገር ስጠኝ እያልኩ እጸልይ ነበር። ለገዛ ወንድም እንዲህ ተብሎ መጸለይ ያማል።

ባስልኤል ከየጫካው ያመጣውን ፍሬ ከላቦራቶሪው ጀርባ ባሉት የሽቦ ማድረቂያ አልጋዎች ላይ ለየብቻ አሰጣው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሥራ ባልደረባዬ ጀዋር ጠራኝ። ጀዋር የጅማ ልጅ ነው፤ እንደኔው ቀማሽ ነው፤ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

"አጸደ፣ ነይ እስቲ ይህን እዪልኝ።"

ጥጉ ላይ ያለውን አልጋ ንብ ሞልቶታል። ንብ የቡና ልጋግ ስለሚጣፍጠው መምጣቱ ብርቅ አይደለም። እነዚህ ግን አይልሱም፤ አይጮሁም። ክንፋቸውን አጥፈው ፍሬው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የቀሩት አልጋዎች ላይ አንዲት ንብ የለችም። ጀዋር በካርቶን ሲያራግብባቸው ተነሡ፤ አንድ ጊዜ ዞሩና እዚያው ተመልሰው ዐረፉ።

ባስልኤል ከፍሬው ቆንጥሮ ወስዶ ስኳሩን ለካ። "ከሌሎቹ ምንም ልዩነት የለውም" አለ። ፍሬው እስኪደርቅ ድረስ ንቦቹ በየቀኑ እየመጡ ተቀመጡ። ጀዋር በዚያ በኩል ማለፍ ተወ፤ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው ዞሮ ነበር።

ከዚያ የቅምሻ ቀን ደረሰ። የኛ ቅምሻ ሥርዓት አለው። የቡናው ምንጭ አይነገረንም፤ ስኒው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። በማንኪያ ቀድተን ከአየር ጋር ሳብ እናደርገዋለን፤ አፋችን ውስጥ አዙረን እንተፋዋለን። አይዋጥም። ፍቅሩ በዚህ ሥራዬ ቀልዶ አይጠግብም ነበር። "እህቴን የቀጠሯት እንድትተፋላቸው ነው" ይል ነበር። ቡናውን አምጥቶ ሲያስቀምሰኝ ዐይኑ እያየ እተፋዋለሁ፤ እሱም "ኧረ እባክሽ አንድ ቀን ዋጪልኝ!" ብሎ በሳቅ ይፈነዳል። ያ ሳቁ ከጊቢው በር ይሰማ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ስኒዎች ቀምሰን አለፍን። ቀጣዩን ሳብ ሳደርገው እጄ አየር ላይ ቀረ። መጀመሪያ የመጣው ጭስ ነው፤ ማር ቆራጭ ንብ የሚያባርርበት የርጥብ ቅጠል ጭስ። ከጭሱ ሥር ኮረሪማ አለ። ከኮረሪማው ሥር ጨው አለ፤ የሰው ላብ ጨው። ፍቅሩ ዛፍ ሲወጣ ኮረሪማ ጉንጩ ውስጥ መያዝ ልማዱ ነበር። ከጫካ ተመልሶ ሲያቅፈኝ የሚሸተኝ ሽታ እንዳለ ምላሴ ላይ ነበር። ሳላስበው ዋጥኩት። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ውጬ አላውቅም።

ጀዋር ተፍቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ይህ ስኒ ውስጥ ሰው አለ" አለ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

"እትዬ፣ ዋጡት እንዴ?" አለኝ ባስልኤል። ከዚያ ስኒው ላይ ያለውን ቁጥር አየና ግንባሩን መታ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ረስቼው ነው። ይህን ፍሬ የሰጠኝ ገበሬ መልእክት ልኮልዎት ነበር። ቀልድ ስለመሰለኝ ከአእምሮዬ ወጣ።"

"ምን አለ?"

"'አጸደ ትቅመሰው፤ ግን እንዳትተፋው በላት' ነው ያለኝ።"

ገበሬው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ስሙን እንዳልነገረው፣ ሊመራው የተቀጠረው ሰው ስለዘገየ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ከጫካው እንደወጣ ነገረኝ። ትከሻው ላይ የልጥ ገመድ ነበር። አንድ ጉንጩ አበጥ ያለ ይመስል ነበር።

"እርስዎ እንዳሉኝ ሳልገባ ጠበቅሁ። ፍሬውን በእጁ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ያኔ ተከትዬው ገባሁ። ቡናውን አሳየኝ። ለቅሜ ቀና ስል አልነበረም።"

"እጁስ?"

"ቀዝቃዛ ነበር። ዝናቡ ነው ብዬ…"

ስልኬን አውጥቼ የፍቅሩን ፎቶ አሳየሁት። "አዎ፣ እሱ ነው!" ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ጀዋርን አየና ፈገግታው ጠፋ።

"ዶክተር" አለው ጀዋር በቀስታ፣ "ይህ ሰው ከግንቦት ጀምሮ የለም።"

በማግስቱ ጠዋት ባስልኤል ቦታውን የመዘገበበትን መሣሪያ ይዞ ከፊት፣ እኔና የመንደሩ ሰዎች ከኋላ ሆነን ወጣን። መሣሪያው ያደረሰን የአጎቴ የባየ ጫካ ዳር ነው፤ በግንቦት ቆመን የተጣራንበት ቦታ። ሰዎቹ እንደ ያኔው ቆሙ። ማንም አልገፋቸውም፤ እኔም ከነሱ ጋር ቆምኩ። ከመካከላችን በእጅ የተሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ። በልማዳችን ግን የተሰጠው ሰው እጁን ይዞ ያስገባው ሰው መግባት ይችላል።

"ያዘኝ" አልኩት።

አንድ በአንድ እየያዘ አሻገረን። ውስጡ ጠዋት አይመስልም፤ ጭጋጉ ቅጠሉ ላይ ተኝቷል። ጉሬዛ አይጮኽም፣ ወፍ የለም። ድምፅ ያለው ከላይ ብቻ ነበር፤ ንቦች በቀጭን ሰልፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ባስልኤል መሣሪያውን ማየት ተወና እነሱን ተከተለ።

ትልቁ ዛፍ ላይ የአጎቴ አሮጌ ቀፎ ነበር፤ ከጎኑ አዲስ ቀፎ ተሰቅሏል። አሠራሩን ዐወቅሁት፤ የፍቅሩ እጅ ነው። አጎቴ ከመሞቱ በፊት ጫካውን ለእሱ ሰጥቶት ኖሯል። ምስክር የሌለው ስጦታ ስለሆነ እንዳይከራከሩት ብሎ ለማንም ሳይናገር፣ እየተደበቀ ሲገባ ኖሯል። የተበጠሰ ገመድ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ፣ ቀይ ፍሬ ያንጠለጠለ የቡና ዛፍ ጎንበስ ባለበት፣ ወንድሜ ነበር። ሣር አልፎበት በቅሏል። በሸሚዙ ለየሁት፤ እኔ የገዛሁለት ነው።

ቦታው ከዳሩ ሩቅ አልነበረም። እኛ ቆመን ስንጣራ ድምፃችን እዚያ ድረስ ይሰማል። ምናልባት ያኔ በሕይወት ነበር፤ ምናልባት አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። ከሰዎቹ አንዱ፣ በግንቦት ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ የተጣራው፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ተቀመጠ።

ፖሊስ መጥቶ አይቶ ፈቀደልን። ስንቀብረው እናቴ አላለቀሰችም። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ባስልኤልን አስጠራችው። አማርኛዋ ብዙም አይደለም፤ ግን ቃላቱን እየመረጠች ጠየቀችው።

"ልጄን ያየኸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ከስቶ ነበር? ርቦት ነበር?"

ያልለካውን ነገር የማይናገር ልጅ ነው። "አልከሳም" አለ። "ይስቅ ነበር።"

ያኔ እናቴ ጮኸች። ወራት ሙሉ ታፍኖ የኖረው ጩኸት ወጣ፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። በዚያ ምሽት በቤታችን ውስጥ የጎደሬ ድርሻ አልተለየም። እናቴ ራሷ ተነሥታ በሩን ቀረቀረች፤ የመቀርቀሪያውን ድምፅ ረስቼው ነበር። ከዚያ ቁጭ ብላ በላች።

የባስልኤል ጊዜ አልቆ ሊሄድ ሲል ሽማግሌዎች መጡ። ነገራቸው ግልጽ ነበር። ፍቅሩ ጫካውን በእጁ የሰጠው ለዚህ እንግዳ ነው፤ ከሟች እጅ የተቀበለ ደግሞ ይወርሳል፤ እኛ ሁላችን ምስክር ነን፤ ስለዚህ ጫካው የእሱ ነው። ለሌላ ሰው በእጁ ሳይሰጥ ከሄደ እንደገና ይዘጋል፤ የፍቅሩም ቀፎ እዚያው ይበሰብሳል። ባስልኤል ይስቃል ብዬ ፈራሁ። አልሳቀም።

"ለማን ልስጥ?" አለኝ።

"የሰጠህ ሰው ፍሬውን ለማን ነበር የላከው?" አለው ጀዋር።

ጠዋት ጫካው ዳር ተሰበሰብን። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ባስልኤል ብቻውን ገባ፤ ጭጋጉ ሸፈነው፤ ሳንጠራው ተመልሶ ወጣ። ጨብጦ የያዘውን ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ዝናብ አልነበረም። ከቀዩ ፍሬ መሐል አንዲት የኮረሪማ ዘር አየሁ፤ እርጥብ ናት፤ ከአፍ የወጣች ይመስላል።

"ይህን አንተ ነህ ያስገባኸው?" አልኩት።

ዘሯን አየና ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ወደ ኋላው ወደ ጫካው ዞሮ አየ፤ ማንም የለም።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች። ዘሯን በጣቷ ነካቻት። ከዚያ መዳፌን ይዛ ወደ አፌ አስጠጋችው።

"አትትፊው" አለችኝ በቋንቋችን።

አኘክሁት። ኮረሪማው አቃጠለኝ፤ ዕንባዬ ወረደ። ከጫካው ውስጥ፣ ከቅርብ፣ አንድ ሰው ሲስቅ የሰማሁ መሰለኝ።

ዋጥኩት።