የሰሌን ግድግዳ

«አራቱንም ግድግዳ ያሳዩኝ» አለ በስክሪኑ ውስጥ ያለው ፈታኝ።

ፌአሎፋኒ ላፕቶፑን በሁለት እጇ አንስታ ቀስ ብላ ዞረች። ግድግዳ የተባለው ከምሰሶ ምሰሶ በገመድ የተወጠረ ሰሌን ነው። ቤቱ በዚህች ደሴት እንዳሉት የመንደር ቤቶች ሁሉ ጣሪያና ምሰሶ እንጂ ግድግዳ ኖሮት አያውቅም፤ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሰው ባሕሩንም፣ መንገዱንም፣ ጎረቤት ለምሳ ያቀረበውንም ያያል። ጠዋት አባቷ ሳሌቫኦ የወለሉን ሰሌኖች አንድ በአንድ አንስተው በገዛ እጃቸው ሰቀሉና ራቅ ብለው ሥራቸውን ተመለከቱት። «ይኸው፣ ለፈረንጆቹ ስንል ግድግዳ ያለን ሰዎች ሆንን» አሉ።

ፈታኙ ሰሌኑን ለጥቂት ጊዜ አየው። «ከኋላው ሰው አለ?»

«ባሕር ነው ያለው።»

«መልካም። ከአሁን በኋላ ከተቀመጡበት መነሳትም፣ ከሌላ ሰው ጋር መነጋገርም አይፈቀድም። ፈተናው አንድ ጊዜ ተሰርዞብዎታል፤ ያውቁታል አይደል?»

«አውቃለሁ።»

እንዴት አታውቅ! ባለፈው ይህንኑ ፈተና ገና እንደጀመረች አክስቷ ሲሊያ ትኩስ ካካዎ ይዛ ገባች። በዚህ መንደር ሰው ብቻውን ተቀምጦ እያዩ የሚቀመስ ነገር ሳያቀርቡ ማለፍ ነውር ነው። «ጠጪ እንጂ የኔ ልጅ፣ አንጎልሽን አደረቅሽው እኮ!» ብላ ግንባሯን ስማት ወጣች። ካሜራው ግን አክስት አያውቅም፤ ያልተፈቀደ ሰው ገባ ብሎ ዘጋው። የትምህርቱ ሕግ ደግሞ አጭር ነው። ፈተና ሁለት ጊዜ የተሰረዘበት ተማሪ ይሰናበታል፤ እስከዚያ የለፋበት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ዛሬ የሚቀራት ይኸው አንድ ፈተና ብቻ ነው። ካለፈች የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሷ በእጇ ይገባል፤ በዋናው ደሴት ያለው ኮሌጅም እሷን ለመቅጠር የሚጠብቀው ይህንኑ ወረቀት ነው። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ሰዓት የለው፣ ደወል የለው፣ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል ይላል ማስታወቂያው። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ደሴት ላይ ኖሮ አያውቅም። እዚህ ሠርግ ሲመጣ ትምህርቱ ይቆማል፣ ቀብር ሲመጣ ይቆማል፣ አውሎ ነፋስ የስልኩን ምሰሶ ሲጥል ይቆማል። እናቷ የሞተች ጊዜ ዓመት ሙሉ ቆመ። አብረዋት የጀመሩት፣ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን የማታውቃቸው ተማሪዎች ተመርቀው ተረሱ። እሷ ቀን የመንደሩን ልጆች ሒሳብ እያስተማረች፣ ማለዳ ማለዳ ለራሷ እየተማረች፣ እንደ ኤሊ እየተሳበች እዚህ ደረሰች።

ፈተናው ከቀትር በፊት እንዲጀመር ነበር የተያዘው። ኔትወርኩ ጠፍቶ ዋለና ከሰዓት በኋላ ሆነ። ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ።

በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሳሌቫኦ ባሕሩ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ቆመው የዛጎል መለከታቸውን ይነፋሉ። ያን ጊዜ መንደሩ ይቆማል። መኪና ባለበት ይቆማል፣ የሚዋኙ ልጆች ይወጣሉ፣ ቤተሰብ ሁሉ ለጸሎት ይቀመጣል። ሥራ ላይ የተገኘ ሰው ቤተሰቡን በሽማግሌዎች ፊት ያሳፍራል፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ደግሞ ሳሌቫኦ ራሳቸው ናቸው። መለከቱ ዘግይቶ አያውቅም። እናቷ በተቀበረችበት ቀን እንኳ፣ ዓይናቸው አብጦ፣ በሰዓቱ ነፍተዋል። ባለፈው ክረምት ልባቸውን አሟቸው እዚያው ዛፍ ሥር የወደቁ ዕለትም መጀመሪያ ነፍተው ነው የወደቁት።

«አባባ፣ ጸሎቱ ላይ አልገኝም» አለቻቸው አንገቷን ደፍታ። «የመለከቱም ድምፅ እንዳይሰማ እሰጋለሁ። ፈታኞቹ ሌላ ድምፅ አይፈልጉም።»

አባቷ ዛጎላቸውን አነሱ። «አንቺ ግድግዳሽን ይዘሽ ተቀመጪ» ብለው ወጡ።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደርሳለች። ብዙ ኮምፒውተሮች በየሩቅ አገሩ ተቀምጠው አንድ ሥራ በጋራ ይሠራሉ። አንደኛው ዝም አለ። ተበላሽቷል ወይስ ዘግይቷል? ሌሎቹ በምን ያውቃሉ?

መልሱን ትወደዋለች። አያውቁም። የሞተውና የዘገየው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚቻለው የመጠበቂያ ጊዜ መወሰን ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደሞተ ይቆጠራል። «ጊዜው ካጠረ በሕይወት ያለውን እንቀብራለን፤ ከረዘመ የሞተውን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን» ብላ ጻፈች። ወዲያው ደግሞ ይህ ለፈተና የሚሆን አነጋገር አይደለም ብላ አጠፋችው።

ቀና ስትል በሰሌኑ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ቀልቷል። መለከቱ አልተሰማም። ጥቂት አረፍተ ነገር ጨምራ እንደገና ቀና አለች። ብርሃኑ አመድ መስሏል። ልጆቹ አሁንም ውኃው ውስጥ ይንጫጫሉ። በዚህ ሰዓት ሞተር ተሰምቶ በማያውቅበት መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈ።

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

ሌላ ቀን ቢሆን ቀና ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ከዚህ ወለል ላይ ሆና ዛፉንም፣ ከሥሩ የቆሙትን አባቷንም ታያለች። አሁን ግን ፊት ለፊቷ የተገተረው ሰሌን ነው። ዘግይተው ይሆናል አለች በልቧ። ዘግይተው አያውቁም አለች። የልብ መድኃኒታቸውን ጠዋት ሲውጡ አይታለች? ሰሌን ሲሰቅሉ ነበር፤ አላየችም።

«ይቅርታ» አለች ወደ ስክሪኑ። «አባቴን አንድ ጊዜ ልያቸው። የልብ ሕመምተኛ ናቸው።»

ፈታኙ ፊቱ ተለወጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔ ብሆን ምንም አልልም ነበር። ከተነሱ ግን ማሽኑ ራሱ ነው የሚዘጋው። ትንሽ እኮ ነው የቀረዎት፤ ጨርሰው ቢሄዱስ?»

በእርግጥም ትንሽ ነበር። አንድ አንቀጽ ጽፎ መላክ ብቻ። ጻፈች። ፊደሎቹ ይታዩአታል እንጂ አንድ ላይ ሆነው ምን እንደሚሉ አልገባትም። መለከቱ ይነፋ እንደሆነ ጆሮዋን አቆመች። ልጆቹ ይስቃሉ። አባቷ ዛፉ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሞገዱ እግራቸውን ሲነካ ታያት።

«እባክዎ ይቀመጡ! ይቀመጡ!» የሚለውን የሰማችው መልሱን ሳትልክ ተነስታ በመንገዱ በኩል ያለውን ሰሌን ስትገነጥል ነው። ገመዱ ተበጠሰ። በባዶ እግሯ ጠጠሩን አልፋ ሮጠች።

ሳሌቫኦ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ዛጎሉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ እሷ በሌላ በኩል ስለመጣች ሳያዩአት፣ የቤታቸውን የሰሌን ግድግዳ ትኩር ብለው እያዩ ይጠብቃሉ።

«አባባ!»

ዞሩ። ፊታቸው በራ። «ጨረስሽ?»

አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ሲሊያ ሁለቴ መጥታ ጮኸችብኝ» አሉ እየሳቁ። «ምነው፣ አረጀህ ወይ አለችኝ። ሂጂ አልኳት፣ ልጄ ድምፅ አይፈልጉም ብላኛለች፤ ዛሬ መንደሩ እሷን ይጠብቅ አልኳት። ሽማግሌዎቹ ነገ ይውቀሱኝ።» ከዚያ ዓይኗን አዩ። «ምን ያስለቅስሻል ታዲያ?»

እጃቸውን ይዛ ግንባሯ ላይ አስጠጋችው። ይሞቃል።

«ጨረስኩ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ዛፉን ተደግፈው ተነሱ። ዛጎሉን አፋቸው ላይ አድርገው ነፉ፤ ረጅም፣ ከወትሮው የረዘመ ነበር። ልጆቹ ከባሕሩ ወጡ። መንገዱ ጸጥ አለ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄዱ።

አንደኛው ሰሌን መሬት ላይ ተዘርሯል። በክፍተቱ በኩል ላፕቶፑ ይታያል፤ ስክሪኑ ጨልሟል።

«ይህን ማን ጣለው?» አሉ ሳሌቫኦ።

«ነፋስ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ባሕሩ ዞሩ። ባሕሩ ተኝቷል። የዛፉ ቅጠል አይነቃነቅም። ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ያጠመዱ ሰው ናቸው፤ ነፋስ ያውቃሉ።

ፌአሎፋኒ ሌሎቹንም ሰሌኖች ፈትታ ወደ ወለሉ መለሰች። ሲሊያ መጥታ ተቀመጠች፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። መዝሙሩን ሁልጊዜ የሚያነሱት ሳሌቫኦ ናቸው። ጠበቁ። አባቷ አፋቸውን ከፈቱ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መልሰው ዘጉት።