የግማሽ መንገድ ካርድ

አውሮፕላኑ ከኦክላንድ የተነሣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነበር። ኖርማን ታካራ በመስኮቱ በኩል፣ ሚስቱ ሄዘል ከጎኑ ተቀምጠዋል። እርሳሱ ተቀርጿል፤ ካርዱ ገና ባዶ ነው።

ወደ ሆኖሉሉ የሚመላለስ ሰው ጨዋታውን ያውቀዋል። አስተናጋጇ ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና ነፋሱን ታነባለች፤ ተሳፋሪው አውሮፕላኑ ግማሽ መንገድ ላይ የሚደርስበትን ሰዓት እስከ ሰኮንዱ ጽፎ ይመልሳል። በጣም የቀረበው አንድ ጠርሙስ ወይን ይሸለማል። ኖርማን ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። እህቱን ለመጠየቅ በየዓመቱ ሲሄድ ሃያ ሁለት ካርድ ሞልቷል፤ አንዴም አሸንፎ አያውቅም። ሄዘልም በዚህ ስታበሽቀው ኖራለች።

ካለፈው ጸደይ ወዲህ ግን ቁጥር ያመልጠው ጀምሯል። ሐኪሙ የመርሳት ሕመሙ ገና ጅምሩ ነው ብሏል። ሄዘል የፈራችው ይህን ካርድ ነበር፤ መሙላት ቢያቅተው ልቡ ይሰበራል።

አስተናጋጇ አነበበች፦ ርቀቱ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥር ማይል፤ ፍጥነቱ በሰዓት አራት መቶ ሰማንያ፤ ከፊት የሚገፋው ነፋስ እስከ ግማሽ መንገድ አርባ፣ ከዚያ ወዲያ ሃያ። ኖርማን ሁሉንም ጻፈ። ማካፈሉ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። ሄዘል ሰዓቷን አየች። አራት ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሰም።

በመጨረሻ ካርዱን ወደ እሷ ገፋና መነጽሩ አላሳይ እንዳለው ነገራት። መነጽሩ የተገዛው ባለፈው ወር ነው። እሷም እርሳሱን ተቀበለች። የጉዞውን ሙሉ ጊዜ አሰላችና አምስት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ አገኘች። ለሁለት ልትከፍለው ስትል እጁ እጇ ላይ አረፈ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ግማሹን ልወስድ ነዋ።»

«የሰዓቱን ግማሽ ማን ጠየቀሽ? የጠየቁሽ የመንገዱን ነው። ነፋሱ መጀመሪያ ላይ ይበረታል፤ እዚያ ብዙ እንቆያለን።»

ድሮ ሜዳ ላይ ሠራተኞቹን የሚያርምበት ድምፅ ነበር። ሄዘል ፈገግታዋን ልትደብቅ አቀረቀረች።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ መምህር?»

ከፍጥነቱ አርባ እንድትቀንስ፣ የመንገዱን ግማሽ በቀሪው እንድታካፍል፣ ያገኘችውንም በተነሡበት ሰዓት ላይ እንድትደምር ነገራት። እሱ መንገዱን እያሳየ፣ እሷ እያሰላች ጨረሱት።

«ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር የምትሠራው?»

«እንዲሁ ነው።»

«የምትሸነፈውስ?»

«እሱ የነፋሱ ጥፋት ነው» አላት።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ ከአሥራ ዘጠኝ ሰኮንድ ብላ ጻፈች፤ ስም በሚለው ቦታ ሁለቱንም አስገባች። አስተናጋጇ ካርዱን ስትወስድ፣ በሆኖሉሉ ሽማግሌ እንደሚጠራው «አጎቴ፣ ይቺ የእርስዎ ጽሑፍ ናት?» ብትለው፣ ዘንድሮ ጸሐፊ መቅጠሩን፣ ደመወዟም በወይን እንደሚከፈል ነገራት።

አብራሪው ግማሽ መንገዱን ያለፉት በአምስት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ደቂቃ ከሁለት ሰኮንድ መሆኑን አስታወቀ። ወይኑን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነርስ ወሰደችው። የታካራዎቹ ካርድ የሳተው በአርባ ሦስት ሰኮንድ ነበር።