የጨጓራው በር

ታካሚዋ ተሽከርካሪ አልጋው ላይ ሆና ሆዷን ይዛለች። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል፤ ኦፕራሲዮኑ ለነገ የሚባል አልነበረም። እኔ የማደንዘዣ ሕክምና ተማሪ ነኝና የተለመደውን ጠየቅኳት።

«ዛሬ የበላሽው ነገር አለ?»

«ምንም» አለች። ዓይኗ ግን በሩ ጋ ወደቆሙት እናቷ ሄደ። እናትየው ፔርሙዝ በጀርባቸው ደብቀዋል።

ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ፔርሙዙ ውስጥ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ሾርባ ናት። አሁን አንድ ኩባያ ብቻ አቀመስኳት። በባዶ ሆዷ እንዴት ቢላ ይግባባት? ለሐኪሙ እንዳትነግሪብኝ ልጄ፤ ቁጡ ነው አሉ።»

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። «በልታለች» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«ሾርባ ጠጥታለች። አሁን።»

«እስኪፈጭላት ልጠብቅ? አንጀቷ አይጠብቀኝም» ብሎ ወደ አስተማሪዬ ዞረ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«አንጠብቅም» አሉ ጋሼ። «ቶሎ አደንዝዘን ቶሎ ቱቦ እናስገባለን።»

ቱቦው እንዲገባ ጡንቻን በፍጥነት የሚያላላው መድኃኒት መጀመሪያ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ሾርባው ያኔ ወደ ላይ ቢመጣ መግቢያው ሳንባዋ ነው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ የጨጓራዋን የላይ በርም አያላላውም?»

«ስትንቀጠቀጥ ሆዷ ይጨመቃል፤ በሩም አብሮ ጠበቅ ይላል። የሚያላላውስ ይኼ ነው» ብለው በልማድ የሞላሁትን የአትሮፒን መርፌ ወደ ጎን አደረጉት። «ልቧ ካልዘገየ አንነካውም።»

«በሩ ከጠበቀማ ጥሩ ነው።»

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። እኔ ግን መጽሐፉን አምኜ ጉሮሮዋን አልተውም። የምግብ ቧንቧዋ እንዲዘጋ አንገቷን ከፊት ተጫኚ፤ ልቀቂ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

ተጫንኩ። እንቅልፍ ወሰዳት። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ሲገባ መጀመሪያ ቅንድቧ ተርገበገበ፤ ከዚያ ጉንጯ፣ ትከሻዋ፣ የእግሯ ጣቶች። ሆዷ ሲሸማቀቅ አየሁት። ከጣቶቼ ሥር አንድ ነገር የሚወጣ መሰለኝና ይበልጥ ተጫንኩ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ጋሼ አፏን ከፍተው ቱቦውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ዘገዩብኝ።

«ገብቷል» አሉ በመጨረሻ። በሁለቱም በኩል ሳንባዋን አዳመጡ። «ልቀቂ።»

ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አንገቷን ይዘሽባት ልትሄጂ ነው?» አለ ሐኪሙ።

ስትነቃ ሳል እንኳ አልነበራትም። እናቷን አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸውና መንቃቷን ነገርኳቸው። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ተመስገን» አሉ።

«ነገርሽብኝ?»

«ነገርኩ፣ እማማ።»

«ተቆጣ?»

«የተቆጣው እኔን ነው።»

ፔርሙዙን ከፍተው ክዳኑ ላይ ቀዱልኝ። «በይ ይቺን ጠጪ። ፊትሽ አመድ መስሏል።»

በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።