ሮቨርስ እስኪሸነፍ

ረስል ሄብደን አዲሱ የባንክ ካርድ በፖስታ ሲመጣለት አገላብጦ አየውና መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው። ከዚያም ኩሽና ገብቶ መሳቢያው ውስጥ፣ ከዕቃ ማድረቂያ ጨርቆቹ ሥር ሸጎጠው። ያበደ ሰው አልነበረም። ሃምሳን የተሻገረ፣ ሚስት ያላገባ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ኦርምስዴል ከተማ ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ ደህና ሰው ነው። ግን ካርዱ በመጣበት ሰሞን የከተማው የእግር ኳስ ቡድን ኦርምስዴል ሮቨርስ መሸነፍ አቁሞ ነበር።

ቡድኑ እያሸነፈ ደግሞ ኦርምስዴል ውስጥ ማንም ምንም አይለውጥም። ሥጋ ሻጩ ጢሙን መላጨት ትቶ ፍየል መስሏል። የቄሱ ሚስት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ቢጫ ሻርፕ እስከዛሬ አላጠበችውም ይባላል፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ ይመሰክራል። የረስል ገድ አሮጌው ካርዱ ነበር። ማሸነፉ የተጀመረ ቀን ከኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው አለ። «ሮቨርስ እስኪሸነፍ ነው» አለ ለራሱ። «አንድ ቅዳሜ መሸነፉ አይቀርም። ያኔ እለውጠዋለሁ።»

ቅዳሜዎቹ መጡ፣ ሄዱ። ሮቨርስ ወይ አሸነፈ ወይ አቻ ወጣ። የአሮጌው ካርድ ጊዜ አለፈ።

የእሱና የእናቱ የስታዲየም የዓመት ትኬት ግን ባንዴ የተከፈለበት አልነበረም፤ የሾፌር ደሞዝ ያን አይችልም። ክለቡ ዋጋውን በየወሩ እየቆራረጠ ከዚያው ካርድ ላይ ይወስድ ነበር። ካርዱ ሲሞት የሚወስደው አጣ። መጀመሪያ በስልክ መልእክት በትህትና አስታወሱት። ቀጥሎ ትህትናው ቀነሰ። ረስል መልእክቱን ባነበበ ቁጥር «ከቅዳሜ በኋላ» እያለ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልስ ነበር።

የመጨረሻው መልእክት የመጣው አርብ ቀን፣ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ ቁጭ ብሎ የቺዝ ሳንድዊቹን ሲገምጥ ነው። ያልተከፈለበት ወንበር ከዛሬ ጀምሮ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሸጣል ይላል። ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

ስለራሱ ወንበር ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ያስጨነቀው የእናቱ ነበር። የእናቱ የሙሪየል ዓይን መሐል መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረላት፤ የሰው ፊት ለማየት እንኳ ፊቷን ከሰውየው ማዞር አለባት። ስታዲየም ውስጥ ግን መሪ አትፈልግም። የደረጃውን ብረት ይዛ ትወጣለች፣ ቀለሙ የተላጠውን ምሰሶ ትዳስሳለች፣ ዞር ብላ ቁጭ ትላለች። በልጅነቷ አባቷ ያስቀመጣት እዚያው ነው። ኳሷ አትታያትም፤ ረስል ከአጠገቧ ሆኖ በጆሮዋ ይነግራታል። ቤት ውስጥ ስለ ሻይና ስለ ዝናብ ካልሆነ ብዙ የማያወሩ ሰዎች ናቸው። የሚያወሩት እዚያ ነው።

ወደ ክለቡ ደወለ። መስመሩ ተይዟል፤ የሮቨርስ መዝሙር ብቻ ይዘፈንለታል። ሥራ የሚገባበት ሰዓት ደረሰና መዝሙሩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

የሚነዳበት መስመር ከሆስፒታሉ ተነስቶ በእነሱ ሰፈር፣ ከዚያ በስታዲየሙ በኩል አድርጎ ገበያው ድረስ ይሄድና ይመለሳል። በመጀመሪያው ዙር ከትኬት ቢሮው ደጅ የተሰለፈውን ሰው አየ። በሁለተኛው ሰልፉ ረዝሞ ጥጉን ታጥፏል። አንዲት ሴትዮ የምትወርድበትን አሳልፏት «ስማ እንጂ፣ ልታሳድረኝ ነው?» ብላ ጮኸችበት። ገበያው ጋ ተሳፋሪ እስኪሞላ ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ከመሳቢያው ከጨርቆቹ ሥር ፖስታ አለ። ፌርማታው ድረስ ታመጪልኛለሽ?»

«የምን ፖስታ?»

«የመብራት ሒሳብ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የመብራት ሒሳብ ጨርቅ ሥር የሚተኛው?» አለችና ዘጋችው።

ከሆስፒታሉ ተመልሶ ሰፈራቸው ሲደርስ ካፖርቷን እስካንገቷ ቆልፋ ፌርማታው ላይ ቆማለች። ተሳፈረች፤ ፖስታውን ግን አልሰጠችውም። በጣቶቿ ጨመቅ ጨመቅ እያደረገች ከኋላው ካለው ወንበር ተቀመጠች።

«ረስል፣ ይኼ ካርድ ነው።»

«እማዬ፣ በናትሽ ስጪኝ።»

«አዲስ ካርድ! ነገ ጨዋታ እያለን! አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩህ?»

ከኋላ ሌስ የሚባል ጡረተኛ ጋዜጣውን አጠፈ። «ምን ሊለውጥ ነው አሉ እትዬ ሙሪየል?»

«የባንክ ካርዱን!»

«ኧረ ተው ወንድሜ!» አለ ሌስ። «እኔ እኮ በተቀደደ ጫማ ይኼን ሁሉ ዝናብ የቻልኩት ለጤናዬ መስሎህ ነው?»

«እግርህ ሲሸት መች አጣነው» አለች የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰች ሴት። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ «እስከ ሰኞ ይቆይ» ይላል፣ ሌላው «እስከ ዓመቱ መጨረሻ» ይላል። ሙሪየል ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች። «ወደ መሳቢያው ይመለሳል» አለች።

ረስል መብራት ይዞት ቆሟል። ከፊት ለፊት የስታዲየሙ ጣሪያ ይታየዋል። ሰው ፊት መናገሩ ከበደው። ግን መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አንገቱን ሳያዞር አወጣው።

«ወንበራችን ሊሄድ ነው እማዬ። የወር የወሩ አልተከፈለም። ካርዱን አልለውጥም ብዬ ነው ያልተከፈለው። ዛሬ ካልከፈልኩ ላንቺም ለእኔም የለንም።»

ሌስ ጋዜጣውን መልሶ ዘረጋ። የሙሪየል ቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። ፖስታው በትከሻው በኩል መጣለት።

«ታዲያ ምን ትጎተታለህ? ንዳው!»

ስታዲየሙ ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ «መጣሁ» አለና ዘሎ ወረደ። እንዲህ ማድረግ ከሥራ እንደሚያስባርር ያውቃል። ከአውቶቡሱ ሰው ግን ያጉረመረመ የለም። ሌስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰልፈኛውን «አሳልፉት! ሾፌራችን ነው!» እያለ ይጮህለታል። አሳለፉት።

ከትኬት ቢሮው መስኮት ወዲያ ጃኒስ አለች፤ ትኬት ስትሸጥ ያረጀች፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት። ስሙን ሳይነግራት ጻፈች። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«የእናትህ አለ» አለች።

«የእኔስ?»

«አሁን ቅድም ሄደ። አንዲት ልጅ ገዛችው። ስንት ጊዜ ላክንልህ ረስል? ምን ነካህ?»

ጃኒስ ራሷ ከገድ የተነሳ ጥፍሯን ቅጠል ከረገፈበት ጊዜ ጀምሮ ያንኑ ቀለም ነው የምትቀባው። አዲሱን ካርድ በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈላት። የእናቱን ውዝፍ ከፈለ፤ ቀሪውም በየወሩ ከአዲሱ ካርድ እንዲቆረጥ ፈረመ። ለእሱ ደግሞ ለነገው ጨዋታ ብቻ፣ ከማዶ በኩል ከጎሉ ኋላ ካለው መቆሚያ አንድ ትኬት ቆረጠችለት። ሌላ ቦታ የለም።

እናቱ ስትሰማ አላዘነችም፤ ወይም አላሳየችም። «እኔን ደጁ ድረስ አድርሰኝ እንጂ ሌላውን ብረቱ ያውቀዋል» አለች።

ቅዳሜ ማዶ ቆሞ ጨዋታውን አላየም። ዓይኑ የተላጠው ምሰሶ ጋ ነው። የእናቱ ሰማያዊ ካፖርት፣ ነጭ ጸጉሯ፣ ከአጠገቧ አረንጓዴ የሹራብ ኮፍያ ያደረገች ልጅ። መጀመሪያ ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ሜዳው ያያሉ። ረስል እግሩን ይቀያይራል። «ንገሪያት እንጂ» ይላል በልቡ፤ «ኳሷ በግራ በኩል ናት፣ ንገሪያት!» ትንሽ ቆይቶ እናቱ ወደ ልጅቷ ዘንበል ስትል አየ። ልጅቷም ወደ እናቱ። ከዚያ በኋላ አረንጓዴው ኮፍያ ከነጩ ጸጉር አልተለየም። ደስ ሊለው ሲገባ ጥርሱን ነከሰ።

በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሮቨርስ አገባ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ከሰው ሁሉ ለጥቂት ቅጽበት ዘግይታ እናቱም ተነሳች። ልጅቷ ነግራታለች ማለት ነው።

ሲያልቅ ከበሩ ጠበቃቸው። ሙሪየል የልጅቷን ክንድ ይዛ ነው የወጣችው። ልጅቷ ታምሲን ትባላለች፤ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው።

«እናትዎ ሁሉንም ነገሩኝ» አለችው ታምሲን ፈጠን ብላ። «እኔ አላወቅኩም ጋሼ። ብቻዬን ነኝ፣ የትም ብቀመጥ ለእኔ ያው ነው። ጃኒስን ጠይቀን እንለዋወጥ። ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

ረስል ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት እናቱ ቀደመችው።

«የምን መለዋወጥ ነው? አሸንፈን የለ እንዴ?»

«እማዬ...»

«አዲስ ካርድ አወጣህ፣ ማዶ ቆምክ፣ እሷ እኔ ጋ ተቀመጠች፣ አሸነፍን። ካሁን ወዲያ ምንም አይነካም! እዚያው ትቆማለህ።» ከዚያ ጣል አደረገችበት። «ደግሞ ልጅቷ ስትናገር ይገባል። አንተ ‹ወይኔ!› ብለህ ትጮሃለህ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ልመና ነው።»

ታምሲን ሳቀች። ረስልም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገቱ በላይ ነበር። እያሸነፉ ምንም አይለወጥም የሚለው ሕግ የራሱም ሕግ ነው።

በሚቀጥለው ጨዋታ እዚያው ማዶ ቆመ። ማታ ማታ ሻይ ሲያፈላላት እናቱ «ታምሲን እንዲህ አለች፣ ታምሲን እንዲያ አለች» ስትለው ከርማለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ፍሬኑን ሲረግጥ እንኳ ተሳፋሪው እስኪነቃነቅ ነበር የሚረግጠው። አሁን ሮቨርስ አንድ ለባዶ ይመራል፤ ማዶ ኮፍያውና ጸጉሩ ገጥመዋል። የሆነ ነገር ተነግሯት እናቱ ወደ ኋላዋ ተለጥጣ ሳቀች። ኳስ ሜዳ ውስጥ እንዲህ ስትስቅ ከአጠገቧ ሆኖ አይቷት ያውቃል? ትዝ አላለውም።

የተቃራኒው አጥቂ ተከላካዮቹን አልፎ ወጣ። «አግባ» አለ ረስል።

ከአጠገቡ የቆመው ሰው ዞረ። «ምን አልክ አንተ?»

«ምንም። ጉሮሮዬን ነው።»

ግብ ጠባቂው በጣቱ ጫፍ ወደ ውጭ አወጣት። የማዕዘን ምት። የረስል እጅ ወደ ደረት ኪሱ ገባ። አሮጌው ካርድ እዚያው ነበረ፤ ለክፍያ ባያገለግልም ከኪሱ አውጥቶት አያውቅም። ጣቶቹ መሐል ያዘው። ዕድሜ ልኩን ለሮቨርስ ክፉ ተመኝቶ አያውቅም። በሁለት እጁ አጠፈው፤ አልታጠፍ አለ፤ ጠበቅ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

ኳሷ ከማዕዘኑ ስትነሳ ረስል አላያትም፤ የሚያየው ማዶ ነው። ዙሪያው ሁሉ «ኡኡኡ» አለ፤ ሮቨርስ ላይ ገብታለች ማለት ነው። ማዶም ማንም አልተነሳም። አረንጓዴው ኮፍያ ወደ ነጩ ጸጉር ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ነገረ።

እናቱ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ እሱ ከቆመበት በኩል ፊቷን ወደ ሌላ ወገን አዞረች፣ እንደዚያው ሆናም ቆየች። ሌላ ሰው ቢያያት ፊት ነሳችው ይል ነበር። ረስል ግን እናቱን ያውቃታል። ሁለቱን ስባሪ በመዳፉ ጨብጦ እንደ ልጅ ተሸማቀቀ።

ፊቷን ያዞረችው እሱን ለማየት ነው።